የንግድ ፖድካስት ልትጀምሩ ነው? ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄዎች

አራት ኪሎ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለን፤ ከጎኑ ስለ ንግድ የሚያወራ ፖድካስት እንሠራለን። ካርድ ሊያሠራ የመጣውም፣ በቴሌግራም የሚጽፍልንም ሰው የሚጠይቀን እነዚህን ነው።

ፖድካስት ከሬዲዮ ፕሮግራም በምን ይለያል?

ሬዲዮ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ነው የምትሰሙት። ፖድካስት ተቀርጾ ይቀመጣል፤ ሰሚው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም ሆነ ልብስ እየተኮሰ ባሰኘው ሰዓት ይከፍተዋል። ስሙ አይፖድ ከምትባለው የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጻፈው፤ በ2005 አፕል አይቲዩንስ ውስጥ አስገባውና ተዛመተ። አይፖድ ራሷ በ2022 ከምርት ወጥታለች። ስሟ ብቻ ቀረ።

እኛ አገር ብዙ ሰው ፖድካስት ሲል ሁለት ሰዎች ማይክ ፊት ተቀምጠው የሚያወሩበትን የዩቲዩብ ቪዲዮ ማለቱ ነው። አይደለም ብዬ አልከራከርም። ሰሚው ያለው እዚያ ነው።

እናንተ ለምን ጀመራችሁት? ማስታወቂያ ማሠራት አይሻልም ነበር?

ሱቃችን ፒያሳ ነበር። መንገደኛው በር ላይ የሰቀልነውን ናሙና አይቶ «ይሄ ካርድ ስንት ነው?» እያለ ይገባል፤ ማርኬቲንግ የሚባል ነገር አስበን አናውቅም። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለመልሶ ግንባታ ሲፈርስ ተነሳን። አሁን ያለንበት ኮሪደር ላይ ከጥበቃውና ከሊፍት ጠጋኙ በቀር የሚያልፍ ሰው የለም። ለሰው ባነር ስንሠራ የኖርን ሰዎች የራሳችንን የምንሰቅልበት ግድግዳ አጣን።

መጀመሪያ በራሪ ወረቀት በተንን። ወረቀት አይቸግረንም። በወሩ አንድ ልጅ ወረቀቷን ይዞ መጣ፤ ሥራ ፈልጎ ነው። ያኔ ቁጭ ብለን አሰብን። የእኛ ደንበኛ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ነው፦ ሌብል፣ ካርቶን፣ ካርድ የሚያስፈልገው። እሱ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳው ማተሚያ ቤት የት ይገኛል የሚለው አይደለም። ከሱ በፊት የገባበት ሰው ምን ገጠመው የሚለው ነው። ስለዚህ እሱን እናውራ አልን።

ለመጀመር ስንት ብር ያስፈልጋል?

ስልክ ካላችሁ ለመጀመሪያዎቹ 5 ክፍሎች ምንም አትግዙ። ከዚያ በኋላ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ሁለት ግዙ፤ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለእንግዳው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ እየተቀያየረ ስለሆነ፣ ዛሬ የጻፍኩት ለወር አያገለግልም። ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ ቅረጹ፣ በራሳችሁ ኤርፎን ስሙት፣ ከዚያ ክፈሉ።

እኔ የሠራሁትን አትሥሩ። ሻጩ «ስቱዲዮ ነው የሚያስመስለው» ስላለኝ ትልቅ የጠረጴዛ ኮንዴንሰር ማይክ ገዛሁ። አልዋሸም፤ ማይኩ ምንም ድምፅ አያመልጠውም። ምድር ቤት ቡና የምትሸጠው ልጅ ሙቀጫዋን ስትመታ ከእንግዳው ድምፅ እኩል ቀዳው። እንዲህ ዓይነቱ ማይክ ድምፅ ለማይገባበት ክፍል ነው የተሠራው። ጫጫታ ባለበት ቦታ አፍ ስር የሚያዝ ተራ ዳይናሚክ ማይክ ይበልጠዋል፤ ራቅ ያለውን ድምፅ እምብዛም አይሰማም።

መሀል ከተማ ጸጥ ያለ ቦታ ከየት ይመጣል?

አይመጣም፤ ግን ሁለቱን ችግሮች ለዩ። አንዱ ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ነው። ሌላው የክፍሉ ማስተጋባት ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ያማርራል፣ ቀረጻ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሴራሚክ ወለል፣ መስታወትና ልሙጥ ግድግዳ ባለበት ቢሮ ብትቀርጹ ገንዳ ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ይመስላል። መፍትሔው ውድ ስፖንጅ አይደለም። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ፍራሽ ይበቃል። ልብስ የሞላበት መኝታ ቤት ከብዙ ቢሮ ይሻላል። እኛ የወረቀት መጋዘናችን ውስጥ ነው የምንቀርጸው። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ወረቀትና ካርቶን ድምፁን ይውጠዋል። ይህን ያወቅነው አቅደን ሳይሆን ሌላ ክፍል ስላልነበረን ነው።

የውጭውን ጫጫታ በሰዓት ነው የምትሸሹት። ጠዋት የታክሲ ረዳቶች «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያሉ ማይካችሁ ውስጥ ይገባሉ። እኛ የሚመቸን ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው፤ የዙህር አዛን ያለፈበት፣ የአስሩ ያልደረሰበት፣ ሠራተኛው ከምሳ የተመለሰበት ሰዓት። በሑዳዴ ግን ይሄ አይሠራም፤ ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚሄድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆናችሁ ጠዋት ይሻላችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ዝም ብላችሁ 20 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ፤ ኤዲት ስታደርጉ ጫጫታውን ለመቀነስ ይጠቅማችኋል። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከወረደ ማይኩን ዝጉና ቡና ጠጡ። እሱን የሚያወጣ ሶፍትዌር አላገኘሁም።

መብራትም አለ። ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው፣ ስልክ ደግሞ በጎን ሁለተኛ ቅጂ ይቅረጽ። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ አትርሱ። ምርጥ ቃለ መጠይቃችንን ለሁለት የቆረጠው የእናቴ ስልክ ነው፤ ምሳ በላህ ወይ ልትለኝ።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ደንበኛችሁ ዋጋ በሚከራከርበት ቋንቋ።

አንድ ክፍል ስንት ደቂቃ ይሁን?

ሰሚው ዳታ የሚገዛው በጥቅል መሆኑን አስቡ። በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት በሆነ ድምፅ) እና በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀመጠ የ30 ደቂቃ ድምፅ 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ128 ካስቀመጣችሁት እጥፍ፣ ወደ 29 ይጠጋል፤ ለወሬ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ቪዲዮ ከሆነ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። እኛ 25 ደቂቃ ላይ ቆመናል፤ ሰው ከሜክሲኮ ተሳፍሮ መገናኛ እስኪደርስ ይበቃዋል፣ መንገድ ከተዘጋጋ ሁለት ክፍል ይሰማል።

ከርዝመቱ ይልቅ የድምፁ መጠን ያሳስባችሁ። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ወሬ ሚኒባስ ውስጥ አይሰማም። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው መጠን ኔጌቲቭ 16 ኤልዩኤፍኤስ (LUFS፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮግራም ላይ አንድ ቁጥር ማስገባት ብቻ ነው።

የት ነው የምንለጥፈው?

ዩቲዩብ ሙሉውን፣ ቴሌግራም ድምፁን ብቻ፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ የሚሆን ቁራጭ። ከሦስቱ ለንግድ የጠቀመን ቴሌግራም ነው። ሰው ፋይሉን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ይሰማል፣ ካስቸኮለው ያፈጥነዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአንድ ለሚያውቀው ሰው ይልከዋል። «ይሄ ያንተ ጉዳይ ነው፣ ስማው» ተብሎ የተላከ ፋይልና በስክሮል የታየ ቪዲዮ አንድ አይደሉም።

እንግዳ ከየት ይገኛል? ታዋቂ ሰው ያስፈልጋል?

የመጀመሪያዎቹ 5 እንግዶቻችን «ትልልቅ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። አምስቱም ጠንክሮ መሥራት፣ ተስፋ አለመቁረጥ ብለውን ሄዱ። አንዱን ክፍል ከሌላው እኔም መለየት ያቅተኛል። ታዋቂ ሰው የሚናገረውን መቶ ጊዜ ተናግሮታል።

ስድስተኛዋ ሽሮና በርበሬ አሽገው ለሱፐርማርኬት የሚያቀርቡ እናት ናቸው። ደንበኛችን ነበሩ። ሌብል ሊያሠሩ መጥተው ዋጋ ሲከራከሩ «ኧረ እትዬ፣ ይሄን ማይክ ላይ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ሌብላቸው እንዴት በዘይት ርሶ ቀለሙ እንደለቀቀ፣ ዕቃ የተረከባቸው ሱቅ «ሸጠን እንከፍላለን» ብሎ ስንት ጊዜ እንዳመላለሳቸው ነገሩን። በነጋታው ስልካችን ጮኸ። የደወሉት የሚያበረታታቸው ሰው የፈለጉ አይደሉም፤ ዘይት የማያስለቅቀው ሌብል የትኛው ነው የሚሉ ናቸው። እንግዳ ፈልጋችሁ ካጣችሁ የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር የጻፋችሁበትን ደብተር ክፈቱ።

እንግዳው ስለ ገንዘብ አልናገርም ቢለኝስ?

ይላችኋል። ነጋዴ ገቢውን አደባባይ አያወጣም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። የሰው ዓይን አለ፣ ብድር ጠያቂ ዘመድ አለ፣ ተፎካካሪ አለ። እትዬን «በወር ስንት ይሸጣሉ?» ስላቸው ሳቁና «ልጄ፣ እሱን ባሌም አያውቀው» አሉኝ። ክፍሉ እዚያው ሊሞት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዛሬ ገቢ አንጠይቅም፤ ስለ መጀመሪያው ወጪ እንጠይቃለን። «ሲጀምሩ ስንት ኪሎ በርበሬ ገዙ?» ስላቸው ፊታቸው በራ። «5 ኪሎ ዛላ። ብሩን ከእህቴ ተበድሬ። ቀንጥሼ ስጨርስ እጄ ለሁለት ቀን ይለበልበኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ አወሩ። ያለፈ ነገር ማንንም አያስፈራም። ኪሳራም እንደዚሁ ነው። ሰው የጠፋበትን ብር እስከ ሳንቲሙ ይነግራችኋል፣ ያተረፈውን ግን «ይመስገን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለጀማሪ የሚጠቅመውም የጠፋው ነው። ቁጥር የግድ ካስፈለጋችሁ በብር ሳይሆን በድርሻ ጠይቁ፦ ከ100 ብር ሽያጭ ስንቱ ለጥሬ ዕቃ ይሄዳል? ይሄን ብዙዎች ይመልሳሉ።

ሰው እንዲያገኘን ርዕሱን እንዴት እንጻፈው?

እንግዳው ማን መሆኑን ሳይሆን ሰሚው የሚጠይቀውን ጻፉ። «ከአንዲት ጠንካራ እናት ጋር የተደረገ ቆይታ» ብለን ነበር፤ «በርበሬ አሽጎ ለሱፐርማርኬት ለማቅረብ ምን ያስፈልጋል?» ብለን ቀየርነው። ያኔ ነው መገኘት የጀመረው።

ሌላው የፊደላችን ጣጣ ነው። «ሥራ» ብላችሁ ብትጽፉ «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኛችሁ ይችላል። «ዐይነት» እና «አይነት»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» እንደዚሁ። ርዕሱ ላይ በትክክለኛው ፊደል ጻፉ፣ ከስር በማብራሪያው ውስጥ ሌላውንም አጻጻፍ ጨምሩ። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚፈልግም ብዙ ነው፤ እሱንም አንድ መስመር ስጡት። የአማርኛ መምህሬ ይቅር ይበሉኝ።

የምትለቁበትን ጊዜም ከአገሩ ቀን መቁጠሪያ ጋር አያይዙት። ከሠርግ ዲኮር ሠሪ ጋር ያደረግነውን ቆይታ የለቀቅነው በኅዳር ነው። የጥር ሙሽሮች ጾሙ እስኪፈታ ቁጭ ብለው አይጠብቁም፤ በጾሙ ውስጥ ነው አዳራሽና ካርድ የሚያፈላልጉት። ጥር ላይ ለቀነው ቢሆን ሙሽራው ጥሪውን አድሎ ጨርሷል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ነጋዴው ሂሳብና ግብር ላይ ነው፤ ስለ ሂሳብ አያያዝ ካልሆነ በቀር ጆሮ አይሰጣችሁም።

ተመልካች አልመጣም። ከፍለን ቡስት እናድርግ?

እኛ አድርገናል። ማስታወቂያው የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ፣ «እኔ ላስደርግላችሁ» ለሚል ልጅ ብር ሰጠን። ቁጥሩ ወጣ፤ ደስ አለን፣ ለዘመድ ሁሉ አሳየን። ከዚያ ዝርዝሩን ስናየው ብዙዎቹ አማርኛ ከማይሰማበት አገር ናቸው። አንድም ሰው አልደወለም።

መክፈል ኃጢአት አይደለም። ግን መጀመሪያ ያለ ክፍያ ሰው ለሰው የላከው ክፍል ይኑራችሁ፤ ቡስት የሚደረገው እሱ ነው። ቦታውንም አዲስ አበባ ብላችሁ ወስኑት፣ ካርዱ የራሳችሁ ባይሆን እንኳ ሲሞላ አጠገብ ቁጭ በሉ።

ደንበኛ የመጣው በፖድካስቱ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በደብተር። ባንኮኒያችን ላይ ባለ መስመር ደብተር አለ፤ ሦስት ዓምድ፦ ቀን፣ ምን ሊያሠራ መጣ፣ ከየት ሰማ። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «ሰው ነግሮኝ» ነው። እዚያ አትቁሙ። «ማን ነገረዎት?» በሉ። «የሚስቴ ወንድም»። «እሱስ?» «አንድ ድምፅ ልኮልኝ ነበር፣ ስለ በርበሬ…» ይኼው፣ ፖድካስቱ ነው። ሁለት ጥያቄ ሳትጨምሩ ብትጽፉ «ሰው» ብላችሁ ታልፉት ነበር።

ሌላም ዘዴ ሞክረናል። በክፍሉ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል እንናገራለን፤ ያን ቃል ባንኮኒ ላይ መጥቶ የተናገረ ሰው 50 ካርድ በነፃ ይጨመርለታል። የመጀመሪያው ቃል «ዛላ» ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ወደ ሠራተኛችን ጎንበስ ብለው «ዛላ» አሏት በሹክሹክታ። ስለ ፖድካስቱ ያልሰማች አዲስ ልጅ ነበረች። «አባባ፣ በርበሬ እዚህ የለም» አለቻቸው። ሠራተኞቻችሁ ክፍሉን ከሁሉ ቀድመው ይስሙት።

ደብተሩ ያሳየን አንድ ነገር አለ። ዩቲዩብ ላይ ብዙ ሰው ያየው ክፍላችን አንድ ታዋቂ ሰው የቀለደበት ነው፤ ደብተሩ ላይ አንዴም አልተጻፈም። የዲኮሩን ክፍል ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ የዚያን ዓመት የጥር ካርድ ሥራችን ግን ብዙው ከሱ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የምከፍተው ስልኬን ሳይሆን ደብተሩን ነው። እሺ፣ ስልኬንም እከፍታለሁ።

የታወቀ ዘፈን መግቢያ ላይ ማስገባት እንችላለን?

ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትችሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ዩቲዩብም በራሱ ዘዴ ይይዛችኋል። «10 ሰከንድ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም» የሚባለውን አትስሙ። አንድ ክራር የሚጫወት ልጅ ፈልጉ፣ ክፈሉት፣ በወረቀት ተፈራረሙ።

ስፖንሰር ሲመጣ ምን እናድርግ? ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ስፖንሰሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ደረሰኝ ነው፤ ስለዚህ ንግድ ፈቃዳችሁ ሥራውን የሚሸፍን መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን አንብቡት። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም ይመለከታል፤ ዜና ወደሚመስል ነገር የምትጠጉ ከሆነ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ። ጥያቄ ቅጣት የለውም።

የራሴ ሕግ አንድ ነው፦ ብር የተከፈለበትን ነገር ከመናገሬ በፊት ተከፍሎበታል እላለሁ። አንዴ ሳልናገር አሳልፌ እትዬ ራሳቸው ደውለው «ያን ዕቃ አንተ ትጠቀምበታለህ?» አሉኝ። አልጠቀምበትም ነበር።

እንግዳው ከተለቀቀ በኋላ «አጥፉልኝ» ቢልስ?

ይሄ ነው ከባዱ። ከመልቀቃችሁ በፊት ፋይሉን ለእንግዳው ላኩለት፣ ሁለት ቀን ስጡት፣ እሺታውን በጽሑፍ ያዙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ብዙው ጣጣ በዚህ ይቀራል። ከለቀቃችሁ በኋላ ግን ቴሌግራም ላይ ሰው ያወረደውን መመለስ አትችሉም። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን ሳታነሱ ከመሀል መቁረጥ ይቻላል።

አንድ የቤት ዕቃ የሚሠራ ወንድማችን ስለ ሽሪኩ አውርቶ ነበር። ስም አልጠራም፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከቀረጻው በኋላ ልከንለት «ግሩም ነው» ብሏል። በተለቀቀ በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። «ወንድሜ፣ ያቺን ነገር አውጣልኝ። ልጆቻችን አንድ ትምህርት ቤት ናቸው።» ሙሉውን ማጥፋት አልፈለግሁም፤ እሱም አላለም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ 40 ሰከንድ ቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ትንሽ ይዘላል፣ ጆሮ ያለው ሰው ያስተውለዋል።

በሳምንቱ ሱቅ መጣ። ካርድ ሊያሠራ ነው። አሮጌውን ካርድ ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ የታችኛውን ስም በጣቱ ሸፈነና «ያለዚህ» አለኝ። ስንት ልሥራልህ አልኩት። «500» አለ፣ ትንሽ አሰበና «አይ፣ 200 አድርገው» አለ።